የሳሎኑ ወሰን

የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሮጠው ያደጉ ልጆች ፊሽካዬን ከድምፄ ይልቅ ያውቁታል። ያን ዓመት ግን እንኳን ልሮጥ ከግቢዬ በር ወጥቼ ባጃጅ ማስቆም አልችልም ነበር። ማንም አልቆለፈብኝም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነበር። የታሰረ ሰው ቢያንስ ዘበኛውን ይረግማል። እኔ ማንን ልርገም?

ነገሩ የተጀመረው ከቡሬ ወዲያ ባለው የአባቴ አገር ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ያርሳል። የእሱን ማሳና የጎረቤቱን ማሳ የሚለየው አንድ ቀጭን የሣር መስመር ነበር፤ እንደ ብዙው አገር። ያ ሣር በየዓመቱ ይሳሳል። ዘንድሮ የአንዱ በሬ ወደዚያ ያዘነብላል፣ ለከርሞ የሌላው በሬ ወደዚህ ያዘነብላል፤ "ድንበር ገፋኸኝ"፣ "አንተ ነህ የገፋኸኝ" ይባባላሉ፤ ከዚያ በዓል ይመጣና አብረው ይጠጣሉ። አንድ የእርሻ ወቅት ሣሩ ጨርሶ ጠፋ። በዚያ ቀን ወንድሜ ዱላ ይዞ ነበር፣ ጎረቤቱም ይዞ ነበር። አንዴ ብቻ ነው የመታው ይላሉ። ሰውየው ቡሬ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ወንድሜ ዱላውን ጥሎ በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፤ ተፈረደበት፤ ታሰረ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እንዲህ ነው።

መንግሥት የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምናውቀው እኛ ነን። ደም ሲፈለግ የሚታየው ገዳዩ ብቻ አይደለም። "ለእኛ የሞተብን ደህናው ሰው ነው" ስለሚባል፣ ከገዳዩ ወገንም ደህናው ሰው ይፈለጋል። በእኛ ቤት ደግሞ ተምሮ ደመወዝተኛ የሆነው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ በየሰርጉና በየማኅበሩ "መምህሩ ልጄ" እያለች ስትኮራብኝ ኖራለች። ያ ሁሉ ኩራት ዞሮ ዞሮ እኔን ለማግኛ አድራሻ ሆነ። ወንድሜን መንግሥት አሰረው፤ እኔን ደሙ አሰረኝ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም እዚሁ ከተማ እህል ተራ ጆንያ የሚሸከም ጎልማሳ ነው። ከቀብሩ በኋላ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ግንብ ተደግፎ ታየ። ምንም አላደረገም። ቆሞ የሚወጣውን የሚገባውን ያይ ነበር። በማግሥቱም እዚያው ቆመ።

ሽማግሌዎች ቤቴ የመጡት ያኔ ነው። ዋናው ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን አያቶች የሚያውቁ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማይለያቸው አዛውንት ናቸው። ያን ቀን ግን አልቀለዱም። "ልጄ፣ እስክናስታርቅ ድረስ ከግቢህ አትውጣ" አሉኝ። "አንድም ለነፍስህ ነው። አንድም ለእነሱ ክብር ነው። ልጃቸውን አፈር ያለበሰ ቤት ልጅ በአደባባይ ሲንጎራደድ ማየት የለባቸውም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል አባባ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ደም በአንድ ጀንበር አይደርቅም። መንገዱም እንደምታየው ነው፤ ሲከፈት እንሄዳለን፣ ሲዘጋ እንቀመጣለን" አሉና ተነሡ። ትምህርት ቤቱም ብዙ ሳይቆይ በጸጥታው ምክንያት ስለተዘጋ፣ የት ቀረህ ብሎ የጠየቀኝ አለቃ አልነበረም።

ቤት መዋል ምን ይከብዳል የሚል ሰው ካለ ይሞክረው። መጀመሪያ እረፍት መሰለኝ። ተኛሁ፣ ሬዲዮ ሰማሁ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጠገንሁ። ከዚያ የሚጠገን ቧንቧ አለቀ። ገበያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ለቅሶው፣ ዕቁቡ ሁሉ በባለቤቴ እግር ሆነ። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አያለሁ፤ ስትመለስ በሩ ላይ ጠብቄ "ዛሬ ማን ሞተ? ማን ወለደ? ድንች ስንት ገባ?" እያልሁ አናዝዛታለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ተማሪ ስታጣ እኔን ልትፈትን ነው?" ትለኛለች። ከአጥሩ ውጭ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ይሰማኛል። ጋሪው ወደ ገበያ ይሁን ወደ ሆስፒታል መታጠፉን በድምፁ ብቻ መለየት ቻልሁ። ይህን ያህል ሥራ ፈት ሆንሁ።

ሰውነቴም ከዳኝ። በክረምት የሚሆነኝ ሱሪ በመስከረም አልዘጋ አለ። ጎረቤታችን ያለችው ነርስ ግፊቴን ለካችና ሁለተኛ ለካች። "መምህር፣ እርስዎ ስፖርት ነው የሚያስተምሩት ወይስ እንቅልፍ?" አለችኝ። "ካልተንቀሳቀሱ መድኃኒት ሊጀምሩ ነው።" አፈርሁ። በማግሥቱ ቱታዬን ለብሼ ግቢዬን መዞር ጀመርሁ። ውሻችን መጀመሪያ አብሮኝ ሮጠ፤ ኋላ ላይ ግራ ገባውና ተቀምጦ ያየኝ ጀመር። ከጎናችን ፎቅ የሚሠሩት ግንበኞች ከላይ ሆነው አጨበጨቡልኝ። ወሬው ሽማግሌው ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ደወሉልኝ፤ "ልጄ፣ ሩጫውን ተው። የሰው ቤት አልቅሶ ገና አልወጣለትም፤ አንተ ቱታ ለብሰህ ትሮጣለህ?" አሉኝ። እሺ አልሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጫማዬን አውልቄ ግድግዳው ላይ ወረወርሁት። ውሻው ሸሸ።

ከዚያ በኋላ ነው የባለቤቴ እህት ከዐረብ አገር ለእረፍት የመጣችው። ሽቶ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆች ጫማ፣ አንዲት ነጭ ካርቶን። አሠሪዎቿ ለልጆቻቸው አዲስ ገዝተው አሮጌውን ለእሷ የሰጧት ነው፤ ዓይን ላይ የሚታሰር ትልቅ ጥቁር መነጽርና ሁለት የእጅ መያዣዎች። ቪ አር ይሉታል። "እዚያ ቤት እመቤቲቱ የምትከሳው በዚህ ነው። ከክፍሏ ሳትወጣ ሥጋዋን ታራግፈዋለች" አለች። ማሰሪያውን ጭንቅላቴ ላይ ስታጠብቅልኝ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችን። "በስመ አብ! ባሌን የጋሪ ፈረስ ልታደርጊው ነው?" አለች። እውነቷን ነው፤ የጋሪ ፈረሶቻችን ዓይን ላይ የሚደረገውን ያንን ቆዳ ይመስላል።

"መጀመሪያ ወሰንህን አስምር" አለችኝ የባለቤቴ እህት። ሶፋውን ገፋን፣ ጠረጴዛውን አወጣን። በእጄ የያዝሁትን መያዣ ወደ ወለሉ ሳነጣጥር፣ እጄ በሄደበት ሁሉ የሚያበራ መስመር ተከተለኝ። ከሶፋው እግር እስከ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ እስከ በሩ፣ ከበሩ ተመልሼ ገጠምሁት። "አሁን ወደ መስመሩ ስትጠጋ ቀይ መረብ ይቆምልሃል። እሱን ካለፍህ የእህቴን ብርጭቆዎች ሰበርህ ማለት ነው" አለች። 

ከዚያ ሳሎኑ ጠፋ። ሐይቅ ዳር ቆሜያለሁ። ወዲያ ማዶ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከላይ ሰማይ፣ ሰማይ፣ ሰማይ። ስንት ጊዜ ሙሉ ሰማይ ሳላይ እንደኖርሁ ያኔ ነው የታወቀኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ደግነቱ መነጽሩ ይሸፍናል። ወደ ውሃው ልጠጋ ብዬ ሁለት እርምጃ ስራመድ ቀዩ መረብ ፊቴ ላይ ተገተረ። እዚህም ታስሬያለሁ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም።

ሐይቁን ትቼ የወደድሁት ሌላውን ጌም ነው። ሁለት የብርሃን በትሮች ይይዛሉ። ሙዚቃ ሲጀምር ከሩቅ ባለቀለም ሳጥኖች እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ በምቱ ልክ፣ ምልክቱ ወዳመለከተበት አቅጣጫ መምታት ነው። መሐል መሐል ግንብ ይመጣል፤ ካልጎነበሱ ይመታል። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ላቤ በአገጬ ወረደ። የባለቤቴ እህት ወደ ሥራዋ ስትመለስ መነጽሩን ትታልኝ ሄደች፤ እኔም መብራት ባለ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ሳጥን ስፈልጥ እውላለሁ። ባለቤቴም ሞከረችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባችና መጋረጃውን ከነብረቱ አወረደችው። "ያንተ ሳጥን ተንኮለኛ ነው" አለች። ስንስቅ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር፤ ደም ያለበት ቤት ነውና።

ሱሪዬ ዘጋ። ነርሷ ግፊቴን ለክታ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቀበሌው ወጥተው ሮጡ እንዴ?" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ሙሉ ደስታ አልነበረም። መነጽሩን ባወለቅሁ ቁጥር ሳሎኑ ከቅድሙ ይጠብብኛል። ያው ሶፋ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ከውጭ የሚሰማ ቃጭል። እርስ በርሱ የተጣላ ሰው ሆንሁ፤ ስገባበት መውጣት አልፈልግም፣ ስወጣ የገባሁት ለምን ነበር እላለሁ።

በዚህ መሐል እርቁ መስመር ያዘ። የሟቹ አባት ለረጅም ጊዜ ሽማግሌ አላናግርም ብለው ከርመው፣ በመጨረሻ "እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ይሁን" አሉ ተባለ። ቀን ተቆረጠ። ባለቤቴ ለእርቁ የሚሆን እህል ማስለቀም ጀመረች። እኔ ከበሩ ስወጣ መጀመሪያ ወዴት እንደምሄድ ማሰብ ጀመርሁ። የትም አይደለም፤ ዝም ብዬ አስፋልቱ ዳር ለዳር እስከ ከተማው ጫፍ ልሄድና ልመለስ።

አንድ ጠዋት ሙቀት ስለነበር የሳሎኑን መስኮት ከፍቼ እጫወት ነበር። ባለቤቴ ከገጠር ከሰል አስመጥታ፣ ከሰል ሻጩ ጆንያውን ተሸክሞ በግቢ በር ገባ። እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔ ታስሯል፣ ጆሮዬም ሙዚቃ ሞልቶበታል። እሱ ግን አየኝ። ያየውን ልንገራችሁ፤ ዓይኑን በጥቁር የሸፈነ ሰው፣ በሁለት እጁ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየመታ፣ እየጎነበሰ፣ እየሸሸ፣ ተመልሶ እየመታ፣ በላብ ተነክሮ። በእኛ አገር ዱላ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ስም አያጣለትም። ያ ዱላ መማር ነው። ዓይንን ሸፍኖ ሲሆን ደግሞ የጨለማ ዱላ ነው፤ በድንገት ለሚመጣ ወይም በድንገት ለሚመቱት ሰው። ከሰሉን አውርዶ ሒሳቡን ተቀበለና ወጣ። አገሩ ከቡሬ ወዲያ ነው፤ ከሟቹ ወገን ጋር በጋብቻ ይዛመዳል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ "መምህሩ ዱላ እየተማረ ነው" ሲባል እኔ ሳሎኔ ውስጥ ሳጥን እፈልጣለሁ። ወሬው ሲራመድ ዱላው ሁለት ሆነ፣ አስተማሪ ተቀጠረልኝ፣ ከሌላ አገር የመጣ ነው ተባለ። የሟቹ አባት ሽማግሌዎቹን ጠርተው "እኛ እንታረቃለን፣ እነሱ ይለማመዳሉ? የመጀመሪያው አልበቃቸውም?" አሉ። የተቆረጠው ቀን ቀረ። ጆንያ ተሸካሚው ወንድም ከእኛ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ካለው ግንብ ተደግፎ መቆም ጀመረ። ባለቤቴ ወደ ወፍጮ ቤት ስትሄድ አይታው ዱቄቱን ሳታመጣ ነበር የተመለሰችው።

ዋናው ሽማግሌ መጡ። አልተቀመጡም። "ልጄ፣ ማንን ልትመታ ነው?" አሉኝ።

ሳስረዳቸው ጨዋታ ነው እላለሁ፣ ለጤና ነው እላለሁ፣ ሳጥን ነው እላለሁ። "ዱላው የታለ?" አሉ። መያዣዎቹን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩአቸው፤ ከበቆሎ እሸት አይበልጡም። "በል እስቲ አስገባኝ" ብለው ጥምጣማቸውን ፈቱ። አሰርሁላቸው። የመጀመሪያው ሳጥን ሲመጣ "እግዚኦ!" ብለው ወገቤን አቀፉኝ። ሁለተኛውን መቱት። ሦስተኛውን ሲስቱ ተናደዱ። ዘፈኑ ሲያልቅ መነጽሩን አውልቀው ሶፋው ላይ ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

"እኔስ አየሁ" አሉ። "ግን ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። የእነሱ ልብ በእኔ ዓይን አይፈርድም። አባትየው ራሱ መጥቶ ይይ።"

"እዚህ ቤት?" አለች ባለቤቴ።

"እዚህ ቤት።"

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደም የተቃባ ሰው የደመኛውን ደጃፍ አይረግጥም፣ አያናግረውም፣ ከቤቱ ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደም አይጠየቅም። "ውሃ እንዲጠጣ አልጠራውም፤ እንዲያይ ነው የምጠራው" አሉ ሽማግሌው። አባትየው እንደሚመጡ ግን እሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም።

መንገዱ ተዘጋ፤ ተከፈተ፤ እንደገና ተዘጋ። መልስ የለም። እኔና ባለቤቴ የተጣላነው በዚያ ጊዜ ነው። "ይህን የጋሪ መከለያ ሰባብረህ ጣልልኝ" አለች። "ከጣልሁትማ የሚያሳምናቸው ምን ይቀራል?" አልኋት። "አንተ ለራስህ ሰማይ ታያለህ!" ብላ ጮኸች። "እኔ የማየው ያንን ግንብ የተደገፈ ሰው ነው። ስወጣ አያለሁ፣ ስመለስ አያለሁ። አንተ ብቻ የታሰርህ ይመስልሃል? እኔ እየወጣሁ እየገባሁ ነው የታሰርሁት።" ተቀምጣ አለቀሰች። በወንድሜ ላይ የነበረኝ ንዴት ሁሉ ያኔ ፈነዳ፤ ለአንድ ስንዝር ሣር ብለህ የስንቱን ቤት አረስህ ብዬ ለባዶ ግድግዳ ጮህሁ። መነጽሩን ካርቶኑ ውስጥ ከተትሁና ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልሁት። ከዚያ ቀን በኋላ አልነካሁትም።

የመጡት ሳንጠብቃቸው ነው። መንገዱ በተከፈተ በማግሥቱ፣ ረፋድ ላይ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ዋናው ሽማግሌ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ከኋላቸው ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ጥቁር ከል የለበሱ፣ ጠጉራቸውን ሳይቆረጡ የተዉ ሽማግሌ ነበሩ። ማንነታቸውን የነገረኝ የለም፤ መንገርም አላስፈለገም። ከመሬት ወድቄ እግራቸውን ልይዝ ስል ዋናው ሽማግሌ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ገና ነው። ግድግዳው ጋ ተጠግቼ ቆምሁ። ባለቤቴ በልማድ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ቀረበች፤ አባትየው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ብርጭቆውን ይዛ ወደኋላ ተመለሰች።

እኔን አላዩኝም። የሚናገሩት ለሽማግሌው ነው። "ጠይቅልኝ። የሚመታው ሰው ነው?"

"ሳጥን ነው" አልሁ ለሽማግሌው።

"ሳጥን ነው ይላል" አሉ ሽማግሌው።

"ያሳየኝ።"

ካርቶኑን አወረድሁ። ማሰሪያውን ጠጉራቸው ላይ ሳጠብቅ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ አረፈ። ልጃቸውን የቀበሩ እጆች ውስጥ መያዣዎቹን አስጨበጥሁ። ይህን ያህል ቀርቤያቸው አላውቅም ነበር፤ ከዚያ በፊት ያየኋቸው በሕልሜ ብቻ ነው። ቀላሉን ዘፈን መርጬ ወደ ግድግዳዬ ተመለስሁ።

መጀመሪያ ቆመው ብቻ አዩ። ሳጥኖቹ ሳይመቱ አለፏቸው። ከዚያ አንዱን መቱ። ምቱ የተማሩት እንጂ አሁን የመጣላቸው አልነበረም፤ በጉብዝናቸው ጊዜ ዱላ የሚያውቁ ሰው እንደነበሩ ክንዳቸው ተናገረ። ሁለተኛውን መቱ። ከዚያ እያከታተሉ፣ እያቃሰቱ፣ ከሉ ከትከሻቸው ወርዶ ወለል ላይ እስኪጎተት መቱ። ሽማግሌዎቹ ወደ ሶፋው ሸሹ። ሲጀመር ፈገግ ያለ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ማንም ፈገግ አላለም። ዘፈኑ አለቀ። እሳቸው አላቆሙም። ከፊታቸው ምንም በሌለበት ይመቱ ነበር። የሚመቱትን ማየት አያስፈልገንም ነበር። ባለቤቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሉ ድንገት ቆሙ። አንድ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ይህ ቀይ መረብ ምንድን ነው?" አሉ።

ሽማግሌውን አልጠየቁም። ፊታቸው ወደ እኔ ነበር። ዋናው ሽማግሌ እንድመልስ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

"ወሰን ነው አባባ። ከዚያ አይታለፍም ማለት ነው።"

"ማን አሰመረው?"

"እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ሲጫወቱ ያሰምሩታል።"

እጃቸውን መለሱ፤ እንደገና ዘረጉ፤ እንደገና መለሱ። መረቡ ሲመጣና ሲጠፋ እያዩ እንደነበር ገባኝ። "እጅህ ሳያልፍ ነው የሚነግርህ?" አሉ።

"አዎ አባባ። ሳያልፍ ነው።"

ቆሙ። መነጽሩ ፊታቸውን ስለሚሸፍን ምን እንደሚያስቡ ማወቅ አልተቻለም። ሲቀመጡ እጃቸውን ወደ መነጽሩ ሰደዱና በራሳቸው ሊያወልቁ ታገሉ፤ ቀርቤ ፈታሁላቸው። ስቀበላቸው የውስጡ መስታወት ረጥቦ እጄን አረጠበው። ላብ አይደለም። ፊታቸውን በከላቸው ጫፍ ጠረጉና ወለሉን አዩ።

ከውጭ የጋሪ ቃጭል አለፈ።

"እዚህ ቤት ውሃ የለም?" አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሊነሣ ሲል ዋናው ሽማግሌ ጉልበቱን ይዘው አስቀመጡት። ባለቤቴ ቀረበች። አባትየው ተቀብለው ግማሹን ጠጡና ቀሪውን ወደ እኔ ዘረጉ። ጠጣሁት። ሞቅ ያለ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ በእጇ ይዛው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ነው ወድቄ እግራቸውን የያዝሁት። "ተው፣ ተነሥ" አሉኝ። "የአደባባዩ እርቅ በቀኑ ይሆናል። ተነሥ።"

ሊሄዱ ሲነሡ አብሬያቸው እስከ ግቢው በር ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተሻገሩ። እኔ ከበሩ ቆምሁ። እግሬ በራሱ ነው የቆመው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ እንዳለ የረሳ እግር። አባትየው ዞር ብለው አዩኝ።

"እናንተ ቤት እንግዳ የሚሸኘው ከበር ላይ ነው?" አሉኝ።

መታጠፊያው ላይ ታናሹ ልጃቸው ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። አባቱን ለመጠበቅ አብሮ መጥቶ፣ ቤቴ አልገባም ብሎ ውጭ ቀርቶ ነበር። አየኝ። እኔም አየሁት። ያን ጊዜ አባትየው ክንዴን ያዙ፤ አዛውንት ሲደክማቸው እንደሚይዙት አድርገው፣ ክብደታቸውን በሙሉ በእኔ ላይ ጣሉ። የማይችሉ ሰው አልነበሩም፤ አሁን ሳሎኔ ውስጥ ያን ሁሉ የመቱ ሰው ናቸው። እንዲህ ሆነን በሩን አለፍን። ልጃቸው ፊት ስንደርስ ቆሙና "ዋልህ ወይ በለው" አሉት። ግንቡን ለቀቀ። ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያ ቀና ሳይል "ዋልህ ወይ" አለኝ። 

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልሁት። እኛ ሦስታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄድን፤ አባትየው ክንዴን አለቀቁም።